ደሴ ፒያሳ ያለው ፊልም መጫኛ ቤትና የራማን ቪዲዮ

ደሴ ውስጥ ፍላሽ ላይ ፊልም የሚጭን ቤት ሞልቷል። አብዛኞቹ ጋ የምታገኙት ግን ያው ሰሞነኛውን ተከታታይ ነው። ፒያሳ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ያለችው ጠባብ ቤት ትለያለች፤ ልጁ የጠየቃችሁትን ፈልጎ ነው የሚያመጣው። እኔ ራማን የሚባለውን የሕንድ በዓል ቪዲዮ ጠየቅኩት። ስሙንም ሰምቶት አያውቅም፣ ግን «አብሽር፣ እፈልግልሃለሁ» አለኝና በማግስቱ ደወለ።

ራማን በሰሜን ሕንድ፣ ኡታራካንድ ግዛት፣ ሳሉርና ዱንግራ የሚባሉ መንትያ የተራራ መንደሮች በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ የሚያከብሩት በዓል ነው። የሚከበረው ለመንደሩ ጠባቂ አምላክ ለቡሚያል ዴቭታ ነው። ቤተ መቅደሱ ግቢ ውስጥ ሂንዱዎች እንደ አምላክ የሚያዩት የልዑል ራማ ታሪክ በዜማና በጭፈራ ይቀርባል፦ ስደቱ፣ የአጋንንቱ ንጉሥ ራቫና ሚስቱን ሲታን ጠልፎ መውሰዱ፣ የዝንጀሮው አምላክ ሃኑማን ደርሶ ማገዙ። ዩኔስኮ በ2009 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል፤ ኋላ የእኛ መስቀልና ጥምቀት የገቡበት መዝገብ ላይ ማለት ነው።

የሕንድ ፊልም እያየን ላደግን ሰዎች ይሄ ሌላ ሕንድ ነው። አክተር የለም፤ የሚጨፍረው የመንደሩ ሰው ነው፣ ወጣቱም ሽማግሌውም። ጸሎቱን የካህናቱ ወገን የሆኑት ብራህሚኖቹ ይመራሉ። የናራሲምሃን ጭምብል፣ ግማሽ ሰው ግማሽ አንበሳ የሆነውን፣ ማጥለቅ የሚፈቀድላቸው ግን ባንዳሪ የሚባለው ወገን ሰዎች ብቻ ናቸው። እኔን ከሁሉ የገዛኝ፣ ከአማልክቱ መሃል ተራው ሰውም ቦታ ማግኘቱ ነው። ነጋዴውና ሚስቱ፣ የጎሽ እረኛውና ሚስቱ፣ ሁሉም በጭምብል የየራሳቸው ጭፈራ አላቸው፤ የደጋ ኑሮ ፈተናው ሁሉ እዚያው ግቢ ውስጥ ይታያል።

ከበሮውማ ልዩ ነው! ዶል የሚባለውን ትልቁን ከበሮ ባንድ እጅ በዱላ፣ በሌላው በመዳፍ ይመቱታል፤ ትንሹ ከበሮ ዳማው በሁለት ዱላ ይከተለዋል። ፊት ከእንጨት በተፈለፈለ ጭምብል ስለተሸፈነ ዓይናችሁ እግር ላይ ያርፋል፣ ምቱ ሲቀየር እርምጃው አብሮ ሲቀየር ታያላችሁ። መንዙማ ላይ ድቤው ሲግል ሰውነት ሳያስቡት እንደሚወዛወዝ ሁሉ፣ እኔም ሶፋ ላይ ሆኜ መቀመጥ አቃተኝ።

ቅሬታም አለኝ። መጀመሪያ የተጫነልኝ ኮፒ መሃል ላይ ድምፁ ይጠፋ ነበር፣ ራማን ላይ ደግሞ ድምፅ ከሌለ ምንም የለም። ስመልሰው ልጁ ሳያንገራግር፣ ሳንቲም ሳይጨምር በጥሩ ኮፒ ቀየረልኝ። የአማርኛ ትርጉም የለውም፤ እሱ የቤቱ ጥፋት አይደለም፣ ታሪኩን ቀድሞ ለሚያውቅ ደግሞ ብዙ አይከብድም። ለማያውቅ ሰው ግን ራማ ማን እንደሆነ፣ ለ14 ዓመት ለምን ጫካ እንደገባ ቀድማችሁ ንገሩት፣ አለዚያ ግማሹ ያመልጠዋል።

ዋጋው እንደሌሎቹ ቤቶች ነው። ማታ ማታ ወረፋ ስላለ ጠዋት ሂዱ፣ ሰፊ ቦታ ያለው ፍላሽ ያዙ፣ እዚያው ከፍታችሁ እስከ መጨረሻው መጫወቱን ሳታዩ አትውጡ። በስልክ ስፒከር ግን እባካችሁ አትስሙት፤ ቴሌቪዥን ላይ ሰኩትና ድምፁን ልቀቁት።