መፍታትን ከማሰር አስቀድመው ለሚያስተምሩን የፖቶማክ አሰልጣኝ ምስጋናና ጥቆማ

ለሚገባው ሰው ምስጋና መንፈግ ነውር ነውና፣ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ካያክ (ጠባብ የቀዘፋ ጀልባ) የምንቀዝፍ ወገኖች በፖቶማክ ወንዝ ላይ የፈጣን ውሃ ደኅንነትና ነፍስ አድን ለሚያስተምሩን አሰልጣኝ ከልብ እናመሰግናለን። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሳ አይወዱምና አንጠቅሰውም። አሠራራቸውን ግን በዝርዝር እንጽፋለን፤ ሌላ አሰልጣኝ ዘንድ ብትሄዱም ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ታውቁበታላችሁ።

የሚሰጡት እ.ኤ.አ. በ1880 የተመሠረተው የአሜሪካ ካኑ ማኅበር ያወጣውን የደረጃ 4 የፈጣን ውሃ ነፍስ አድን ኮርስ ነው። ሁለት ሙሉ ቀን ይወስዳል። የእሳቸው ልዩነት ቅደም ተከተሉ ላይ ነው፦ ማንንም ከገመድ ጋር ከማገናኘታቸው በፊት ከገመድ መላቀቅን ያስተምራሉ።

የነፍስ አድን ጃኬት ከተራው የሕይወት ጃኬት የሚለየው ደረት ላይ በሚታሰር፣ ቶሎ በሚፈታ ቀበቶ ነው። ገመዱ ከጀርባ ባለው ቀለበት ላይ ይያያዛል። ከፊት ያለችውን ኳስ ስትስቡ መቆለፊያው ይከፈትና ቀበቶው በጃኬቱ ማስተላለፊያዎች ውስጥ ተንሸራትቶ ከነገመዱ ይሄዳል። ሲወራ ቀላል ነው፤ ችግሩ የሚመጣው ከአሰካኩ ነው። ብዙ ጃኬቶች ከፕላስቲኩ መቆለፊያ በተጨማሪ የብረት ማለፊያ አላቸው። ቀበቶው በብረቱ ውስጥ ሲዞር ሰበቃው ይጨምርና ከባድ ጭነት ሲመጣ ሳይንሸራተት ይይዛል። ውሃው ደካማ ከሆነ ወይም ሰውየው ቀላል ከሆነ ግን ያው ሰበቃ ቀበቶውን አንቆ ያስቀረዋል፤ ኳሷ ተስባም ገመዱ አይለቅም። የቀበቶው ጫፍ ከተቋጠረ ወይም ረዝሞ ከተጠቀለለም ያው ነው። ስለዚህ አሰልጣኛችን እያንዳንዱን ሰው በራሱ ጃኬት፣ መጀመሪያ በደካማ ቀጥሎም በጠንካራ ውሃ ያስፈትሹታል። ካልለቀቀ እጅን ሰዶ ቀበቶውን በጉልበት መጎተት ነው፤ እሱም እምቢ ካለ ቢላዋ። ቢላዋው ሹል ጫፍ የሌለው፣ በቀኝም በግራም እጅ የሚደረስበት መሆን አለበት። ገመድ ይዞ ቢላዋ ያልያዘን ሰው ውሃ አያስገቡም። ትክክል ናቸው።

ዋና ላይ ሁለት አኳኋን አለ። አንደኛው መከላከያው ነው፦ በጀርባ መተኛት፣ እግርን ወደ ወንዙ መውረጃ አቅጣጫ ዘርግቶ የጣቶችን ጫፍ ከውሃው በላይ ማሳየት። ሁለተኛው በደረት ተገልብጦ፣ ከውሃው ፍሰት ሰያፍ ሆኖ፣ ከድንጋይ ጀርባ ወዳለው ኤዲ ወደምንለው የተኛ ውሃ በሙሉ ጉልበት መዋኘት ነው። ሁለቱንም ያስደጋግማሉ። ከሁሉ በላይ የሚቆጡት ግን በፈጣን ውሃ መሃል ለመቆም በሚሞክር ሰው ነው። እግር በሁለት ድንጋዮች መካከል ከተቀረቀረ ውሃው ሰውነትን ወደ ፊት ደፍቶ ጭንቅላትን ይደፍቀዋል፤ የውሃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚገፋው ኃይል አራት እጥፍ ነውና በጡንቻ የሚመለስ ነገር አይደለም። ሕጋቸው አጭር ነው፦ ውሃው ከጉልበት በታች እስኪሆን አትቁም።

የወደቀ ዛፍ ሲገጥም ደግሞ አኳኋኑ ይገለበጣል። ዛፍ እንደ ወንፊት ውሃውን አሳልፎ ሰውን ያስቀራል፤ እግር አስቀድሞ የደረሰ ሰው ከሥር ይሳባል። መሸሽ ካልተቻለ በደረት ተገልብጦ፣ ጭንቅላትን አስቀድሞ፣ ባለ በሌለ ኃይል እየዋኙ ግንዱ ላይ መውጣት ነው። ይህንን ውሃው ላይ በተዘረጋ ቧንቧ ያለማምዳሉ።

ወደ ገመድ ውርወራ እንምጣ። የሚጠቀሙት ከ15 እስከ 20 ሜትር የሚሆን፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ገመድ የያዘ ከረጢት ነው። ወርዋሪው የገመዱን ጫፍ በአንድ እጁ ይይዛል፣ «ገመድ!» ብሎ ይጮኻል፣ ሰውየው ቀና ብሎ ሲያየው ከረጢቱ ከጭንቅላቱ ባሻገር እንዲወድቅ አድርጎ ይወረውራል። እጥር ያለ ውርወራ ከንቱ ነው። ከሰውየው በታች የወደቀ ገመድም አብሮት ስለሚፈስ ብዙ ጊዜ አይደረስበትም። ከሳተ፣ ገመዱን ከረጢት ውስጥ መልሶ ለመጠቅጠቅ ጊዜ የለም፤ በእጅ ሰብስቦ፣ ከረጢቱ ክብደት እንዲያገኝ ትንሽ ውሃ ቀድቶበት ወዲያው መድገም ነው። የተወረወረለት ሰው ገመዱን እጁ ላይ ፈጽሞ አይጠቀልልም፤ ከወርዋሪው በራቀው ትከሻው ላይ አሳልፎ ደረቱ ላይ ይይዝና በጀርባው ይተኛል። ያኔ ውሃው ፊቱን ሳይመታው ወደ ዳር ያወዛውዘዋል። ወርዋሪውም ከመወርወሩ በፊት ሰውየው ተወዛውዞ የሚያርፍበትን ዳርቻ ማየት አለበት፤ እዚያ ዛፍ ካለ ቦታ ይቀይራል።

ድንጋይ ላይ የተለጠፈ ጀልባ ለማስለቀቅ የሚሠሩት ዚ ድራግ የሚባለው የገመድ መጎተቻ ሁለት ፑሊ (ገመድ የሚዞርበት መንኮራኩር)፣ ሁለት የፕሩሲክ ቀለበት (ዋናውን ገመድ ቆንጥጦ የሚይዝ የቀጭን ገመድ ቀለበት)፣ ሦስት የሚቆለፉ ካራቢነሮች (የብረት ማያያዣ ቀለበቶች) እና ማሰሪያ ጠፍር ይፈልጋል። በስሌት ጉልበትን ሦስት እጥፍ ያደርጋል፤ በፑሊ ፈንታ ባዶ ካራቢነር ከገባ ግን ሰበቃው ብዙውን ይበላዋል። መጀመሪያ ግን ሰዎች ተባብረው በቀጥታ እንዲጎትቱ፣ ካልሆነም የመጎተቻውን አቅጣጫ እንዲቀይሩ ያደርጋሉ፤ ብዙ ጊዜ ጀልባው በዚሁ ይለቃል። ገመዱ ሲወጠር መሃሉ ላይ ጃኬት ይንጠለጠልበታል፤ ቢበጠስ ወይም የጀልባው መያዣ ቢነቀል ግርፋቱን ያበርደዋል። በተወጠረ ገመድ ማዕዘን ውስጥ የሚቆም ሰው ካዩ ሥራው ሁሉ ይቆማል።

በፖቶማክ ላይ ያለውን የሊትል ፎልስን ግድብ የሚያሳዩት ከዳር ቆመው ነው፤ ማንንም አያስገቡም። ቁመቱ ትንሽ ስለሆነ ሲያዩት የሚያስፈራ አይመስልም። ከላዩ የሚወርደው ውሃ ግን ጠልቆ ከተነሣ በኋላ ፊቱን ወደ ግድቡ ይመልሳል፣ የያዘውንም መልሶ ከሥር ይከተዋል። የተፈጥሮ ድንጋይ የሚሠራው ሽክርክሪት ብዙ ጊዜ በጎኑ መውጫ አለው፤ ግድብ ግን ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው። ወገኖቻችን ለሽርሽር በሚወጡበት በግሬት ፎልስ ፓርክም መዋኘትም ሆነ ውሃው ውስጥ መራመድ ክልክል ነው። እባካችሁ ለልጆቻችሁ ንገሩ፤ ላዩ የተኛ የሚመስለው ውሃ ከሥሩ ይጎትታል።

በዚህ ሥልጠና ለመመዝገብ የምታስቡ፣ በማኅበሩ ድረ ገጽ ላይ የደረጃ 4 የፈጣን ውሃ ነፍስ አድን አሰልጣኞችን ፈልጉ። ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ አንድ አሰልጣኝ ስንት ሰው ይይዛል? እያንዳንዱ ሰልጣኝ ቀበቶውን ውሃ ውስጥ ይፈትሻል? ልምምድ ሲደረግ ከታች በኩል ገመድ ይዞ የሚጠብቅ ሰው አለ? ሄልሜት፣ ፊሽካና የሚታሰር ጫማ ያዙ፤ ሰንደል አይሆንም። በጸደይ ከሆነ ዌትሱት ወይም ድራይሱት (ከቀዝቃዛ ውሃ የሚከላከል ልብስ) ግድ ነው። በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ትንፋሽን ለመግዛት አንድ ደቂቃ፣ እጅና እግር ለሚታዘዙበት ጊዜ ደግሞ አሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ነው ያላችሁ።

አሰልጣኛችን፣ እጅዎ ይባረክ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።