ኮክሊያር ኢምፕላንት፦ ከቆዳ በታች ያለው ዕቃ፣ ከቆዳ በላይ ያለው ሥራ

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «እንደ ጤነኛ ጆሮ ያሰማል ወይ?» ብሎ ነው። አያሰማም። ይህን ያልተቀበለ ሰው ዕቃው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ማዘኑ አይቀርም።

ተራው የመስሚያ መርጃ መሣሪያ ድምፅን አጉልቶ ለጆሮ ያቀብላል። ኮክሊያር ኢምፕላንት ግን የተጎዱትን የውስጥ ጆሮ ሕዋሳት አልፎ የመስማት ነርቭን በቀጥታ በኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል። በጤናማ ጆሮ ውስጥ ድምፅን ለነርቭ የሚያስረክቡት ሕዋሳት 3,500 ገደማ ናቸው። እዚህ ሥራውን የሚሸፍኑት፣ እንደ አምራቹ፣ 12፣ 16 ወይም 22 ኤሌክትሮዶች (ኤሌክትሪክ ወደ ነርቭ የሚለቁ ነጥቦች) ናቸው። 22 ከ12 ይበልጣል ብሎ መምረጥ ግን አያዋጣም። የኤሌክትሪክ ጅረቱ በጆሮው ፈሳሽ ውስጥ ስለሚሰራጭ ጎረቤታም ኤሌክትሮዶች አንዱ የሌላውን ነርቭ ይነካሉ። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ የሚደረግ ንግግር በዚህ ይበቃዋል። ሙዚቃ ላይ ምቱ ይሰማል፣ ዜማው ይደፈርሳል፤ ብዙ ሰው በሚያወራበት ቦታም ይከብዳል።

ዕቃው ሁለት ወገን ነው። ከውጭ ማይክሮፎን፣ ድምፁን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀይር ፕሮሰሰር፣ ባትሪ እና ራስ ላይ በማግኔት የሚለጠፍ ክብ አስተላላፊ አለ። ከቆዳ በታች ደግሞ ተቀባዩና በኮክሊያው፣ ማለትም ድምፅን በሚቀበለው የውስጥ ጆሮ ክፍል፣ ጥምዝ ውስጥ የሚገባው ቀጭን የኤሌክትሮድ ገመድ። ቀዶ ሕክምናው ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቶ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። የቀረ የተፈጥሮ መስማት ካለ ሊጠፋ ይችላል፤ ማዞርና የጆሮ ጩኸትም ያጋጥማል። የማጅራት ገትር አደጋ ስላለ ይህን ከሚያመጡት ተህዋስያን አንዱን የሚከላከለው የኒሞኮካል ክትባት ከቀዶ ሕክምናው በፊት መወሰድ አለበት። ማጅራት ገትር ራሱ ያደነቆረው ሰው ግን መዘግየት የለበትም፤ ኮክሊያው ውስጥ አጥንት ማደግ ከጀመረ ገመዱ መግቢያ ያጣል። የመስማት ነርቭ ጭራሽ የሌለው ሰው ደግሞ ከዚህ ዕቃ አይጠቀምም።

ዋናው ሥራ የሚጀምረው ቁስሉ ከዳነ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ፣ ዕቃው ሲበራ ነው። የመጀመሪያው ድምፅ ለብዙዎች እንደ ሮቦት ወይም እንደ ወፍ ጫጫታ ነው። ኦዲዮሎጂስቱ (የመስማት ባለሙያው) ለየኤሌክትሮዱ ሁለት ልክ ይይዛል፦ ለመሰማት የሚበቃውን ትንሹን ጅረት እና ሳይረብሽ የሚቻለውን ትልቁን። አንዱ ሲበራ የዐይን ሽፋን ወይም ጉንጭ ከተርገበገበ ጅረቱ የፊት ነርቭን እየነካ ነው፤ የዚያ ኤሌክትሮድ ጅረት ይቀነሳል ወይም ኤሌክትሮዱ ይዘጋል። ልኩ በመጀመሪያው ዓመት ደጋግሞ ይስተካከላል። አንድ ጊዜ ተስተካክሎ የተተወ ኢምፕላንት ከሚችለው በታች ይሠራል።

ቤት ውስጥ የሚበጀው ፍተሻ ስድስት ድምፅ ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት ከልጁ ኋላ ቆሞ፣ አፍን ሳያሳዩ፣ «ም»፣ «ኡ»፣ «አ»፣ «ኢ»፣ «ሽ»፣ «ስ» ማለትና እንዲደግም መጠበቅ። «ም» እና «ኡ» የወፍራሙን ድምፅ ጫፍ ይፈትሻሉ፣ «ስ» የቀጭኑን። ትናንት «ስ»ን የለየ ልጅ ዛሬ ዝም ካለ መጀመሪያ የማይክሮፎኑን ሽፋን ተመልከቱ፤ በላብና በአቧራ ሲደፈን ቀድሞ የሚጠፋው ቀጭን ድምፅ ነው። ድምፁ እየተቆራረጠ ከመጣ ፕሮሰሰሩን ከአስተላላፊው የሚያገናኘው የውጭ ገመድ ተጎድቶ ይሆናል። ጭራሽ ከጠፋ ባትሪ። 675 ቁጥር ዚንክ ኤየር ባትሪ አየር ስለሚፈልግ ተለጣፊው ከተላጠ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ሳይከደን ይቆይ። ማታ ማታ ፕሮሰሰሩ ማድረቂያ ሣጥን ውስጥ ይደር። ማግኔቱ ሥር ያለው ቆዳ ከቀላ ማግኔቱ በርትቷልና ቀለል ባለ ይቀየር፤ ችላ ሲባል ቆዳው ይቆስላል። ኤምአርአይ (በኃይለኛ ማግኔት የሚደረግ ምርመራ) ከመነሣት በፊት የኢምፕላንቱ ሞዴል መታወቅ አለበት። በአንዳንድ አዳዲሶቹ ውስጥ ያለው ማግኔት ስለሚዞር 3 ቴስላ (ቴስላ የማግኔት ኃይል መለኪያ ነው) ይችላሉ፤ አንዳንድ አሮጌዎቹ ማግኔቱ እንዲወጣ ይጠይቃሉ።

አሁን ለትንንሽ ልጆች ይገጠም ወይስ ይቆይ ወደሚለው ክርክር። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1990 ዕቃውን ከ2 ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች ሲፈቅድ፣ የአገሪቱ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር በ1991 ተቃወመ፤ በ2000 አቋሙን አለዘበ። የዕድሜው ወለል በ2000 ወደ 12 ወር፣ በ2020 ወደ 9 ወር ወረደ። ልጁ አድጎ ራሱ ይወስን የሚለው ሐሳብ ለጆሮ ደስ ይላል፤ ችግሩ አእምሮ አይጠብቅም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመት ገደማ ድምፅ ያልደረሰው የአእምሮ ክፍል ለሌላ ሥራ ይውላል። ስለዚህ መጠበቅም ውሳኔ ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያስወቅሰው ወላጆችን «የምልክት ቋንቋ አታስተምሩት፣ ንግግሩን ያበላሽበታል» ማለት ነው። ውጤቱ ከልጅ ልጅ ይለያያል፣ አስቀድሞ ዋስትና የሚሰጥ ሐኪም የለም። ገላውን ሲታጠብ፣ ሲተኛ ወይም ገመዱ ሲበጠስ ልጁ አይሰማም፤ ያን ጊዜም ቋንቋ ያስፈልገዋል።

ሌላው ነጥብ አምራቹ ነው። ዐይነ ስውራን በከፊል እንዲያዩ የተሠራው ባለ 60 ኤሌክትሮዱ አርገስ 2 ለዚህ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ተፈቀደ፣ ሴካንድ ሳይት የተባለው አምራቹ በ2019 ማምረቱን አቆመ፣ ተጠቃሚዎቹም ጥገና የሌለው ዕቃ ዐይናቸው ውስጥ ይዘው ቀሩ። የኮክሊያር ኢምፕላንት ገበያ ከዚያ በእጅጉ የጠነከረ ነው፤ ሆኖም የውስጠኛው ክፍል ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ 10 ዓመት ነው። በ9 ወሩ የተገጠመለት ልጅ 11 ዓመት ሳይሞላው ዋስትናው ያልቃል ማለት ነው። ከመፈረም በፊት ሞዴሉ ከገበያ ሲወጣ ፕሮሰሰርና ገመድ ለስንት ዓመት እንደሚቀርብ በጽሑፍ ይጠየቅ። የኤሌክትሮዶቹ ልክ የሰፈረበት ፋይልም ከየቀጠሮው በኋላ ቅጂው ቤተሰቡ ጋ ይቀመጥ፤ ፕሮሰሰሩ ከጠፋና ክሊኒኩ ከተዘጋ ሌላ ኦዲዮሎጂስት ከዜሮ እንዳይጀምር።