የካሜራ ቢኤንሲ ለድሮው ኢተርኔት ይሆናል? የአዳማ ገበያ ዕቃ ሲፈተሽ

አዳማ ውስጥ «ቢኤንሲ አለ?» (ተጠምዝዞ የሚቆለፍ ክብ የገመድ መሰኪያ) ሲባል ከመደርደሪያ የሚወርደው የደህንነት ካሜራ ዕቃ ነው፦ ኮኔክተር፣ አርጂ 59 ገመድ፣ ሲገኝም 75 ኦም ተርሚኔተር (የገመዱ ጫፍ ላይ የሚገባ ሬዚስተር ያለበት መሰኪያ)። ሻጩ «ያው ነው፣ ይገጥማል» ይላል። መግጠሙንስ ይገጥማል። በላብ ውስጥ ቴን ቤዝ ቱ፣ ማለትም ኮምፒውተሮችን በባለ 50 ኦም አርጂ 58 ገመድ የሚያገናኘውን የድሮ ኢተርኔት፣ ዘርግቶ ለሚያስተምር ግን ከሦስቱ ሁለቱ በኤሌክትሪክ በኩል አይረቡም፤ ሦስተኛው ደግሞ ልኩ አይሆንም።

የከፋው ተርሚኔተሩ ነው። አንድ የኮምፒውተር ኔትወርክ ካርድ ሲልክ ገመዱ ላይ በአማካይ 41 ሚሊአምፔር ገደማ ይነዳል። ዳታው የሚላክበት የማንቸስተር ኮድ በየቢቱ መሃል ስለሚገለበጥ፣ የሚላከው ዳታ ምንም ይሁን ምን አማካዩ አይዋዥቅም። በሁለቱም ጫፍ 50 ኦም ካለ ካርዱ የሚያየው 25 ኦም ነው፤ ቮልቴጁ ከዜሮ በታች 1 ቮልት አካባቢ ይሆናል። ሁለት ካርዶች አብረው ከላኩ እጥፍ ይሆናል፤ ግጭት የሚታወቀው 1.5 ቮልት ገደማ ሲታለፍ ነው። በሁለቱም ጫፍ የካሜራ ተርሚኔተር ካለ ግን 25 ኦሙ 37.5 ይሆንና አንድ ካርድ ብቻውን 1.54 ቮልት ላይ ይደርሳል። ተጋጪ በሌለበት ግጭት! አንዱ ካርድ ይሠራል፣ ሌላው እምቢ ይላል፤ ጥፋቱም ድራይቨር ላይ ይላከካል።

መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ሁለት ባለ 100 ኦም፣ 1 በመቶ ሬዚስተር ጎን ለጎን (በፓራለል) ቢኤንሲ ውስጥ መበየድ።

አርጂ 59 ከአርጂ 58 ጋር ሲቀጠል መገጣጠሚያው ላይ የሲግናሉ 20 በመቶ ቮልቴጅ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ አይቀላቀሉ።

ኮኔክተሩ ራሱ በኤሌክትሪክ በኩል አይወቀስም። በ10 ሜጋኸርዝ ሞገዱ ገመድ ውስጥ 20 ሜትር ያህል ስለሚረዝም የ3 ሴንቲሜትር ብረት አያውከውም። ችግሩ ልኩ ነው፦ ገመዱን ጨምቆ የሚይዘው ቀለበት ለ6.15 ሚሊሜትሩ አርጂ 59 የተሠራ ሲሆን አርጂ 58 ደግሞ 4.95 ነው፤ ክሪምፐር (መጭመቂያ ፒንሳ) ቢጨምቀውም ሳብ ሲደረግ ይወልቃል። በብሎን የሚጠብቀውማ ለካሜራም አያስተማምንም።

ከተገጠመ በኋላ ኮምፒውተሮቹን አጥፍቶ፣ አንዱን ቲ (ገመዱን ከካርዱ ጋር የሚያገናኘውን ባለ ሦስት አፍ መሰኪያ) ከካርዱ ነቅሎ፣ መሃሉንና ዙሪያውን በቴስተር መለካት ነው። 25 ኦም ገደማ ካሳየ ደህና ነው። 50 ካሳየ አንድ ተርሚኔተር የለም ወይም ገመዱ ተበጥሷል። 37 ወይም 38 ከሆነ በሁለቱም ጫፍ የካሜራ ተርሚኔተር ገብቷል። ዜሮ አካባቢ ከሆነ የገመዱ የውጭ ሽቦ መረብ አንድ ክር መሃሉን ነክቷልና ኮኔክተሩ ተቆርጦ እንደ አዲስ ይሠራ።