ቴሲሱ ሼልፍ ላይ፣ ዳታው ፍላሽ ላይ፦ የጥናት ዳታችንን የት እናስቀምጥ?

ቴሲሱ ተጠርዞ ላይብረሪ ገባ። ዳታውስ? እንደ ብዙዎቻችን ከሆነ ፍላሽ ላይ ነው፤ ወይም ቴሌግራም ላይ ለራስ የተላከ ፋይል ሆኖ ቀርቷል። የእኔ ፍላሽ ላይ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ጆርናል «ዳታውን አሳየን» ሲለኝ ፍላሹን ሰካሁት። ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት ሆነው ጠበቁኝ። ቫይረሱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ዳታውን ያዳነኝ አማካሪዬ ኢሜይሉ ውስጥ ረስቶት የቆየ አንድ አሮጌ ኮፒ ነው።

ከዚያ ወዲህ መራጭ ሆኛለሁ። አራት የኦንላይን ማከማቻዎችን ላወዳድርላችሁ፦ የራሳችሁን ዩኒቨርሲቲ ሪፖዚተሪ (የጥናት ሥራዎች ማከማቻ)፣ ዜኖዶን፣ ሃርቫርድ ዳታቨርስን እና ድራያድን።

ከቤታችን እንጀምር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ብዙዎቹ የሚጠቀሙት ዲስፔስ የሚባለውን ሶፍትዌር ነው። ኤምአይቲና ኤችፒ በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጡት፣ በነፃ የሚገኝ ሥርዓት ነው። እዚህ ማስገባት እንደ ምርጫ አይታይም። የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ፖሊሲ መሠረት በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ጥናት ለሁሉም ክፍት መሆን አለበት፤ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሪፖዚተሪና ናድሬ ወደሚባለው ብሔራዊ ማከማቻም ይገባል። ጥሩ ጎኑ ቅርብ መሆኑ ነው። ችግር ሲገጥማችሁ ላይብረሪ ሄዳችሁ በር ታንኳኳላችሁ፤ ሰው ይወጣል።

ድካሙ ግን ዳታ ላይ ነው። አብዛኛው የተደራጀው ለቴሲስ ፒዲኤፍ ነው፤ የኤክሴል ፋይል እንግዳ ይሆንበታል። አንድ ነገር አይታችሁ ራሳችሁ ፍረዱ። የአንድ ቴሲስ ሊንክ ክፈቱና አድራሻውን እዩ። መሃል ላይ 123456789 የሚል ቁጥር ካለ፣ ያ ዲስፔስ ሲጫን ይዞት የሚመጣው የናሙና ቁጥር ነው። ተቋሙ የራሱን ቋሚ ቁጥር አስመዝግቦ አልቀየረውም ማለት ነው። ስለዚህ ሰርቨሩ አድራሻ የቀየረ ቀን ሊንኩ ይሞታል። ጽሑፋችሁ ውስጥ የጠቀሳችሁትም አብሮ ይሞታል።

ዜኖዶ እዚህ ላይ ይበልጣል። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጄኔቫ አጠገብ ባለው በሰርን፣ ማለትም በትልቁ የአውሮፓ የፊዚክስ ማዕከል፣ ሰርቨር ላይ ይኖራል። አይከፈልበትም። ለአንድ ማስገቢያ እስከ 50 ጊጋባይትና እስከ 100 ፋይል ይቀበላል፤ ፋይሉ ከበዛ ዚፕ ማድረግ ነው። ዲኦአይ፣ ማለትም ሊንኩ ቢቀየርም ዳታውን ተከትሎ የሚሄደው ቋሚ መለያ፣ እዚያው ይሰጣችኋል። ስህተት ብታገኙ አዲስ ቨርዥን ትጭናላችሁ፤ ለአዲሱ የራሱ ዲኦአይ ይወጣለታል፣ ሁሉንም ቨርዥን የሚያቅፍም አንድ አለ። ችግሩ ማንም አያያችሁም። ኮለም ስማቸው «ኪው1፣ ኪው2» የሆነ ሰንጠረዥ ያለ ምንም ማብራሪያ ብትጭኑም ዝም ብሎ ይቀበላል። አንዴ ከታተመ ደግሞ እንደ ፌስቡክ ፖስት ሲያሰኛችሁ አጥፍታችሁ የምትገላገሉት ነገር አይደለም።

መጠይቅ የሠራ ሰው ከጠየቀኝ ግን ሃርቫርድ ዳታቨርስን ነው የምለው። ስሙ አያስፈራችሁ፤ የሃርቫርድ ሰው መሆን አይጠይቅም። ከየትም ላለ ተመራማሪ በነፃ እስከ 1 ቴራባይት ይሰጣል፤ በብሮውዘር ሲጫን አንድ ፋይል ከ2.5 ጊጋባይት ማለፍ የለበትም። የወደድኩለት ሌላ ነው። የኤስፒኤስኤስ ወይም የስታታ፣ ማለትም የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮቹን፣ ፋይል ስትጭኑ (ኤስፒኤስኤሱን ከየት እንዳመጣችሁት አልጠይቅም) ውስጡን አንብቦ ወደ ተራ የጽሑፍ ሰንጠረዥ ይገለብጠዋል። የተለዋዋጮቹን ስምና መግለጫም ይይዛል። ከአሥር ዓመት በኋላ ያ ሶፍትዌር የሌለው ተማሪ ሊከፍተው ይችላል። ድካሙ ፎርሙ ረጅም መሆኑ ነው። ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ።

ድራያድ የተለየ ነው። ዳታው ከመውጣቱ በፊት ሰው ያየዋል፤ ግልጽ ያልሆነ ነገር ካለ ጥያቄ ይልክላችኋል። ግን ያስከፍላል። ተቋማችሁ አባል ከሆነ ወይም ጆርናሉ ከከፈለላችሁ ነው የሚያዋጣው፤ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሆኑ ግን ክፍያ የሚያነሳበት አሠራር ስላለ ሳትጠይቁ አትለፉ። የሚገባው ሁሉ ማንም እንደፈለገ በሚጠቀምበት ፈቃድ ይወጣል። ዝግ ፋይል ማስቀመጥ ለሚፈልግ አይሆንም።

የትም አስቀምጡት፣ የእኛ ዳታ የራሱ አመል አለው። ኤክሴል ላይ ተራውን ሲኤስቪ (ሰንጠረዥን እንደ ተራ ጽሑፍ የሚያስቀምጠውን የፋይል ዓይነት) መርጣችሁ ሴቭ ካደረጋችሁ አማርኛው በሙሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል፤ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ሲኤስቪ ምረጡ። ዓመት ስትጽፉ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ጻፉ። ባዶ «2012» ለውጭ አንባቢ የፈረንጅ 2012 ነው፤ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው። ማሳ በጥማድ ለክታችሁ ከሆነም የዚያ አካባቢ ጥማድ ስንት ሄክታር እንደሆነ አስቀምጡ። ሩብ ሄክታር ነው ተብሎ ይወሰዳል እንጂ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ይህን ሁሉ «አንብበኝ» የሚል አንድ የጽሑፍ ፋይል ላይ ጽፌ ከዳታው ጋር እጭናለሁ።

ስም መሰረዝም አይበቃም። ቀበሌው፣ ዕድሜው፣ ሥራውና የልጆቹ ብዛት ካለ፣ የሰፈሩ ሰው «ይሄማ እገሌ ነው» ይላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ነገሩ የሥነ ምግባር ጥያቄ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። የጤና ዳታ ከሆነ መጀመሪያ ተሳታፊው የፈረመበትን ፎርም አንብቡ፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴውንም ጠይቁ። ከተፈቀደ ዜኖዶም ዳታቨርስም ላይ መግለጫውን ክፍት፣ ፋይሉን ዝግ ማድረግ ይቻላል። ፈላጊ ሲመጣ ይጠይቃችኋል።

እኔ ምን አደረግሁ? ቴሲሱ ግዴታ ስለሆነ ዩኒቨርሲቲው ጋ ገብቷል። መጠይቁ ዳታቨርስ ላይ፣ ካርታዎቹና ኮዱ ዜኖዶ ላይ ናቸው። ኔቱ ሲያስቸግረኝ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተነስቼ ነው የጫንኳቸው። ከዚያ ሁለቱን ዲኦአይ ወረቀት ላይ ጽፌ ላይብረሪ ሄድኩ፤ ከቴሲሱ መግለጫ ሥር እንዲያስገቡልኝ ጠየቅሁ። ልጁ እዚያው እያየሁት አስገባው፤ አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም።