ለሳሎን ዳንቴል፦ የኪሮሽ ወይስ የማሽን?

ለቡፌውና ለሶፋው ዳንቴል የሚፈልግ ሰው በእጅ በኪሮሽ የተሠራውንና ከፋብሪካ በሜትር የሚመጣውን ማማረጡ አይቀርም።

ዋጋ፦ የማሽኑ ይረክሳል፤ ክርክር የለውም። ነገሩም ዛሬ አልተጀመረም። እንግሊዛዊው ጆን ሂዝኮት የዳንቴል መረብ የሚሠራ ማሽን ፈልስፎ ፋብሪካ ቢከፍት፣ በ1816 እ.ኤ.አ. «ማሽን ሰባሪዎች» የተባሉት፣ ማሽን እንጀራችንን ይነጥቃል የሚሉ ሠራተኞች ሌሊት ገብተው አወደሙበት።

እጥበት፦ ዋናው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። የኪሮሹ ብዙውን ጊዜ ጥጥ ስለሆነ የጋለ ካውያ ይችላል። ሲታጠብ ግን ቅርጹን ይስታል፤ እርጥብ ሳለ ጥርሶቹን አንድ በአንድ እየሳቡ በስፒል ወጥሮ ማድረቅ ያስፈልጋል። ትዕግሥት ለሌለው ሰው አልመክረውም። የማሽኑ አብዛኛው ፖሊስተር ወይም ናይለን ነው፤ ቶሎ ይደርቃል፣ የጋለ ካውያ ሲነካው ግን ይቀልጣል። ሻጩ «ንጹሕ ጥጥ ነው» ብሎ ከማለ፣ ከጫፉ አንዲት ክር መዝዞ መለኮስ ነው፦ ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ተኮማትሮ እንደ ጠጠር ይደርቃል።

ጉዳት፦ ከኪሮሹ አንድ ክር ከተበጠሰ መተርተር ይጀምራል፤ ቶሎ ከተያዘ ግን ሙያው ያላት ሴት መልሳ ትሠራዋለች። የማሽኑ ሲቀደድ ጥገናው አያምርም።

ልጆች ወጥ ለሚደፉበት ጠረጴዛና ብዙ ሜትር ለሚፈጅ መጋረጃ የማሽኑ ይበቃል። ለሙሽራ ስጦታ ወይም ልኩ ከገበያ ለማይገኝ ክብ ጠረጴዛ የኪሮሹን ማዘዝ ይሻላል፤ ሠሪዋ ጊዜ እንድታገኝ ቀደም ብሎ መንገር ነው።