ጅቡቲን በኪራይ መኪና፦ ከወደቡ እስከ አሳል ሐይቅ

በ1998 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ የአገራችን የገቢና የወጪ ንግድ በአመዛኙ የሚያልፈው በጅቡቲ ቢሆንም፣ ከተማዋንና ዙሪያዋን ለማየት ብሎ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ግን ጥቂት ነው። አስመጪው በሰነድ፣ ዕቃ አስተላላፊው በስልክ፣ ሹፌሩ ደግሞ በዶራሌ ወደብ ወረፋ ያውቃታል። ይህ ግምገማ ከወደቡ አጥር አልፎ ለመሄድ ለሚያስብ ሰው የተጻፈ ነው። ከከተማዋ አነስተኛ አከራዮች ከአንዱ ፎር ዊል ቶዮታ ፕራዶ ተከራይቼ የታጁራ ባሕረ ሰላጤን ዳርቻና የአሳል ሐይቅን ጎብኝቻለሁ። የከፈልኩት ገንዘብ ትንሽ የከተማ መኪና ከሚከራይበት እጥፍ ገደማ ቢሆንም በወጪው አልተቆጨሁም። ይሁን እንጂ ይህን ምስክርነት የምሰጠው መኪናውን ይዞ ከከተማ ለሚወጣ ተከራይ ብቻ ነው።

ከተማ ውስጥ መኪና ጭንቅ እንጂ ጥቅም የለውም። ነባሩ የከተማዋ ክፍል ፀሐዩ ሳይበረታ በእግር የሚዳረስ ነው። በነጻነት ቀኑ ጁን 27 ቀን 1977 ስም የተሰየመው፣ ብዙ ሰው ግን ዛሬም ሚኒሊክ አደባባይ የሚለው ስፍራ፣ ዙሪያውን የቆሙት ባለ ቅስት ነጫጭ ሕንጻዎች፣ ከዚያ ብዙ የማይርቀው የሐሙዲ መስጊድ፣ እንዲሁም በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የደረሰው የ784 ኪሎ ሜትር የባቡር ሐዲድ መነሻ የነበረው አሮጌ ጣቢያ በአንድ ማለዳ ታይተው ያልቃሉ። ራቅ ላለው ጉዳይ አረንጓዴና ነጭ ቀለም የተቀቡት ታክሲዎች በቂ ናቸው፤ ሒሳቡን ከመሳፈር በፊት መነጋገር ብቻ ያስፈልጋል። ቀትር ላይ ከኢትዮጵያ የሚመጣው ጫት ከተማ ሲገባ መንገዱ ለጥቂት ጊዜ ስለሚጨናነቅ፣ በዚያ ሰዓት ከመሪ ጀርባ አለመቀመጥ ይመረጣል። ስለዚህ ኪራዩ መጀመር ያለበት ከከተማ በሚወጡበት ቀን ነው፤ መኪናውን ሆቴል ደጅ አቁሞ የቀን ሒሳብ መክፈል ትርጉም የለውም።

አከራዩ በአቀባበል ረገድ የሚመሰገን ነው። ከሠራተኞቹ አንዱ አማርኛ በደንብ ስለሚናገር በፈረንሳይኛ የተዘጋጀውን ውል አንቀጽ በአንቀጽ ሊያስረዳኝ ችሏል፤ በጅቡቲ አማርኛ የሚሰማ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ባለመሆኑ ሌላውም ተከራይ ይህን ከመጠየቅ ወደኋላ ማለት የለበትም። ውሉ ውስጥ በጥንቃቄ መነበብ ያለባቸው ሁለት ነጥቦች አሉ። አንደኛው የኪሎ ሜትር ገደብ ነው። የእኔ ውል በቀን 100 ኪሎ ሜትር የሚፈቅድና ከዚያ በላይ ለሚነዳው እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ተጨማሪ ሒሳብ የሚጠይቅ ነበር፤ አሳል ደርሶ መልስ ወደ 240 ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋ ጭማሪው አይቀሬ ነው። ከመፈረም በፊት የምሄድበትን ተናግሬ ገደቡ እንዲነሣልኝ በመጠየቄ፣ በቀን ሒሳቡ ላይ መጠነኛ ጭማሪ ተደርጎ ተስማምተናል። ሁለተኛው የኢንሹራንሱ ሽፋን ነው። ሙሉ ኢንሹራንስ ተብሎ የቀረበልኝ ውል ጎማን፣ መስታወትንና የመኪናውን የታች ክፍል አያካትትም ነበር፤ ላቫ በሞላበት አገር የሚጎዱት ደግሞ በዋነኛነት እነዚሁ ናቸው። አንድ አከራይ ይህን ሳይጠየቅ በግልጽ ሊናገር ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ እኔ ግን የተነገረኝ ራሴ ስጠይቅ ብቻ መሆኑ ለአገልግሎቱ ልሰጠው ካሰብኩት ደረጃ አንድ እርከን እንድቀንስ አድርጎኛል። በመኪናው ድንበር ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያ መግባትም በውሉ የተከለከለ ነው።

መኪናውን ስረከብ ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ጎማውን ማየት ነው። በጎማ ጎን ላይ ከሚጻፉት ምልክቶች መካከል አራት አኀዝ ያለው ቁጥር አለ፤ የፊተኞቹ ሁለት አኀዞች ጎማው የተመረተበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። የቀረበልኝ ፕራዶ አራቱም ጎማዎች ጥርሳቸው ያልተበላና ዕድሜያቸው ቅርብ ነበር፤ ስኮርታው ግን ከእነርሱ በብዙ ዓመት የሚበልጥና ጎኑ የተሰነጣጠቀ ሆኖ ተገኘ። እንዲቀየር ስጠይቅ ያለ ክርክር ከሌላ መኪና ላይ ደህና ጎማ አውርደው ሰጡኝ፤ ክሪኩም መሥራቱን አብረን አየን። በጅቡቲ ሙቀት ያረጀ ጎማ ለመፈንዳት ቅርብ ነው፤ ከዋናው መንገድ ከራቁ ደግሞ ጎሚስታ ማግኘት ቀላል አይደለም። አየር ማቀዝቀዣውም ሞተሩ እየሠራ፣ መኪናው ፀሐይ ላይ እንደቆመ ሊሞከር ይገባል፤ ጥላ ሥር ያለ መኪና ሁሉ ሲያቀዘቅዝ ደህና ይመስላልና።

ከከተማ መውጫው ዊአ እስከተባለችው ትንሽ ከተማ ድረስ ያለው መንገድ በኢትዮጵያ ድንበር ላይ ወዳለችው ጋላፊ የሚያመራው ዋና መንገድ በመሆኑ፣ ከፊትም ከኋላም የሚገኙት የእኛው አገር ተሳቢዎችና የነዳጅ ቦቴዎች ናቸው። ኮድ 3 ሰሌዳ እየተከታተለ የሚሄድበትን ይህን መንገድ በጥሞና ላየ ሰው፣ አዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ የሚያነሣው ዕቃ በምን ድካም እንደሚደርስ በግልጽ ይገባዋል። ሹፌሮቹ በአብዛኛው ጨዋዎች ናቸው፤ ለመቅደም የሚያመች ቦታ ሲደርሱ የኋላ መብራት ያሳያሉ። ሆኖም በዳገቱ ላይ ከባድ ጭነት የቆፈረው አስፋልት ስላለ ፍጥነት መቀነስ ግድ ነው፤ በሌሊት መንዳትን ፈጽሞ አልመክርም። መሪ በግራ፣ መንገድ በቀኝ መሆኑ እንደ አገራችን ስለሆነ ለመልመድ አያስቸግርም።

ዊአን አልፎ ወደ ታጁራ በሚታጠፈው መንገድ ላይ የጭነት መኪናው ብዛት ይቀንሳል፤ የጉዞው ዋነኛ ክፍል የሚጀምረውም እዚህ ነው። ግራና ቀኙ ጥቁር ላቫ ነው። መንገዱ ጥቂት ከወጣ በኋላ ገደል አፋፍ ላይ ያደርሳል፤ ከታች ጉቤት የተባለው፣ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ጋር በጠባብ በር የሚገናኘው የባሕር ክፍል፣ መካከሉ ላይ ሾጣጣ የእሳተ ገሞራ ደሴት ይዞ ይታያል። የአፍሪካና የዓረቢያ የመሬት ንጣፎች የሚለያዩበት ስፍራ ይህ ሲሆን፣ በጉቤትና በአሳል መካከል ያለው አርዱኮባ እሳተ ገሞራ በኖቬምበር 1978 ፈንድቶ አዲስ ላቫ አፍስሷል። ከዚያ ወደ አሳል ቁልቁል ሲወረድ ከባሕር ወለል በታች እየገቡ መሆኑን በመስኮት የሚገባው አየር ብቻ ይናገራል፤ መስኮቱን ከፍቼ ሞክሬው፣ በደቂቃዎች ልዩነት ሙቀቱ ሲጨምር በፊቴ ላይ ተሰምቶኛል።

አሳል ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ላይ የሚገኝ፣ በአፍሪካ ምድር ዝቅተኛው ስፍራ ነው። ውሃው ከጉቤት በዐለት ስንጥቅ እየሰረገ የሚመጣ የባሕር ውሃ ነው፤ ፀሐዩ ስለሚያተነው ጨዋማነቱ ከባሕሩ አሥር እጥፍ ያህል ደርሷል። የዳርቻው ጨው በሩቅ ሲታይ ለስላሳ ይመስላል፤ ሲረግጡት ግን ጠርዙ የሰላ ቅንጣት በመሆኑ ክፍት ጫማ ለዚህ ስፍራ አይሆንም። ውሃው ጋ ሲደርሱ ታቹ በጨው ፍሬ የተሸፈነ ነው፤ ከፍሬዎቹ አንዳንዶቹ በማዕበል እየተንከባለሉ ፍጹም ክብ ሆነዋል፤ የአካባቢው አፋሮችም ሰብስበው ለጎብኚ ይሸጧቸዋል። የአፋር የግመል ቅፍለቶች ከዚህ ጨው ጭነው ወደ ኢትዮጵያ ሲያመላልሱ ለዘመናት ኖረዋል። በ1841 እ.ኤ.አ. ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው የእንግሊዝ መልእክተኛ ጓድም ከታጁራ ተነሥቶ በዚሁ ሐይቅ በኩል አልፏል። ይህን የሚያውቅ አንባቢ ሐይቁ ዳር ሲቆም የሚያየው የሌላ አገር ድንቅ ብቻ ሳይሆን የራሱ ታሪክ መንገድም ነው፤ እኔን ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ ይኸው ነው። መኪናውን ጨው ላይ መንዳት ግን አይገባም፤ የጠጠር ማቆሚያ ስፍራ ስላለ እዚያ ትቶ በእግር መውረድ ይቻላል።

ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ በዲክሂል በኩል የሚደረሰው አቤ ሐይቅም ለእኛ የተለየ ትርጉም አለው፤ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ የሚነሣው አዋሽ ባሕር ሳይደርስ የሚያበቃው በዚህ ሐይቅ ነው። ቁመታቸው እስከ 50 ሜትር የሚደርስ የኖራ ዐለት ዓምዶችም አሉበት። ነገር ግን ከዲክሂል ወዲያ አስፋልት ስለማይገኝና በሜዳው ላይ የጎማ ዱካዎች በየአቅጣጫው ስለሚበታተኑ፣ ይህን ጉዞ አገሩን ከሚያውቅ ሹፌር ጋር ማድረግ ይሻላል፤ አከራዩም መኪናውን ከነሹፌር ያቀርባል። ጊዜ ያጠረው ሰው ከ700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወዳለችው አርታ ቢወጣ ቀዝቀዝ ያለ አየርና ሰፊ የባሕር እይታ ያገኛል።

ወሩ ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ቢሆን ይመረጣል። ያኔ አየሩ የሚቻል ሲሆን፣ የዓሣ ነባሪ ያህል የሚገዝፉት ሻርኮችም ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚመጡት በዚህ ወቅት ነው፤ በሞቃቱ ወቅታቸው ግን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ነዳጅ ከከተማ ሞልቶ መውጣት፣ ውሃም ለሰውና ለመኪናው በብዛት መያዝ ያስፈልጋል። ወደቡን፣ አየር ማረፊያውንና የጦር ሰፈሮችን ፎቶግራፍ ማንሣት ክልክል ነው።

የርክክቡ ሁኔታ ለዚህ አከራይ ያለኝን አመለካከት አጠናክሮልኛል። ከመመለሴ በፊት መኪናውን በታች በኩል አሳጠብኩት፤ የአሳል ጨው ብረት ስለሚበላ ውሉም ይህን ይጠይቃል። ጠዋት በብርሃን፣ ስረከብ ካነሣኋቸው ፎቶግራፎች ጋር እያመሳከርን አየነውና ማስያዣው ሳይጎድል በፍራንክ ተመለሰልኝ። ከቀትር በኋላ ቢሮው ተዘግቶ የሚቆይ በመሆኑ፣ የማታ በረራ ያለው ተከራይ መኪናውን በዚያው ዕለት ጠዋት ለማስረከብ አስቀድሞ ቀጠሮ ቢይዝ ማስያዣውን ሳይቀበል ከመሳፈር ይድናል።