ድኝ፣ ናፍታሊን፣ ጥቁር ድንጋይ፣ ቦቲ፦ ኮምቦልቻ ገበያ ላይ «ለእባብ» የሚሸጠው ሲፈተሽ

ክረምቱ ገብቶ ሣሩ ሲያድግ ኮምቦልቻ ውስጥ እባብ ወሬ ይሆናል። ወሬውን ተከትሎ ሸቀጡ ይመጣል፦ በፌስታል የተቋጠረ ድኝ፣ ለብል የሚገዛው ነጭ ናፍታሊን፣ ፌጦ፣ ሶኬት ላይ የሚሰካ «ማባረሪያ»፣ ከንክሻ መርዝ ይመጥጣል ተብሎ ከአዋቂ እጅ የሚገኝ ጥቁር ድንጋይ። ከእነሱ ጎን፣ ማንም ለእባብ ብሎ ሳይጠራቸው፣ ቦቲ ጫማና የእጅ ባትሪ ተሰቅለዋል። እዚህ ሁሉንም የምናየው በአንድ መለኪያ ነው፦ ዕቃው በእባቡ ጥርስና በሰው ሥጋ መካከል ይገባል ወይስ አይገባም?

ከዕቃው በፊት ስለ አገሩ ትንሽ እንበል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችው ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ከሐረጎ ዳገት በላይ ብርዱ ስለሚጠነክር የእባቡ ዓይነት ይቀንሳል፤ ወደ ሐርቡና ከሚሴ ሲወረድ ደግሞ ይበዛል። ስለዚህ ደሴ ላይ ጦሳ ተራራ ሥር ቤት ያለው ሰውና ታች ቦርከና ወንዝ ዳር ማሽላ የሚያጭድ ገበሬ እኩል ወጪ ማውጣት አይጠበቅባቸውም። ደግሞም የሚታየው እባብ ሁሉ ገዳይ አይደለም። አይጥ ተከትሎ ቤት የሚገባው ቡናማው የቤት እባብ ሰው የሚጎዳ መርዝ የለውም። እስስትም መርዝ የላትም፤ ልጆች በድንጋይ የሚያሳድዷት ያለ ጥፋቷ ነው። በእርግጥ የሚያስፈራው እፉኝት ነው፤ በተለይም ፓፍ አደር የሚባለው። ወፍራም ነው፣ ጅራቱ አጭር ነው፣ ጀርባው ላይ እንደ ቀስት ጫፍ የታጠፉ መስመሮች ተደርድረዋል፣ ሲቆጣ እንደ ወናፍ ይነፋል። ከእሱ ቀጥሎ አንገቱን የሚዘረጋው ኮብራ አለ።

ወደ ድኝና ናፍታሊን እንምጣ። የሻጩ ቃል «በቤታችሁ ዙሪያ በትኑት፣ ሽታው ሲደርሰው ዞር ይላል» የሚል ነው። እባብ በእርግጥ በሽታ ይኖራል። ሹካ የመሰለው ምላሱ ከአየርና ከመሬት የሚለቅመውን ቅንጣት ላንቃው ላይ ላለው የጃኮብሰን አካል ያደርሳል፤ የአይጥን ዱካ የሚከተለውም በዚሁ ነው። ነገር ግን ሽታ ማወቅ ሌላ፣ ሽታን እንደ አጥር መፍራት ሌላ ነው። ውጭ አገር ድኝና ናፍታሊን ተቀይጠው፣ በፋብሪካ ታሽገው «እባብ ማባረሪያ» ተብለው ይሸጣሉ፤ በእውነተኛ እባብ ሲሞከሩ ግን እባቦቹ ዱቄቱን አቋርጠው አልፈዋል። እዚህ ደግሞ አንድ የሐምሌ ዝናብ ድኙን ጠርጎ ይወስደዋል፤ ናፍታሊኑም በራሱ ተንኖ ያልቃል። ከሁሉ የሚከፋው ናፍታሊኑ ከረሜላ መምሰሉ ነው። የዋጠው ሕፃን ቀይ የደም ሴሎቹ ሊፈርሱ ይችላሉ፤ ጂ-6-ፒ-ዲ የተባለው ኤንዛይም በውርስ ያነሳቸው ልጆች ላይ ይብሳል። እባብን ለመከላከል ተብሎ ልጅ የሚመርዝ ነገር ደጃፍ ላይ መበተን ምንም ማስተባበያ የለውም። አትግዙ። ናፍጣ መርጨትም እንደዚያው ነው፤ አፈሩን ያበላሻል፣ እሳት ይጋብዛል፣ እባቡን አያቆምም።

ፌጦ ወሎ ቤት ውስጥ የተከበረ ነው፣ ክብሩንም አንነካም። ለእባብ ግን አጥር አይሆንም። ይህን ለማወቅ እባብ የሚያሳድጉ ሰዎችን አሠራር ማየት ይበቃል። ኬንያ ውስጥ ዋታሙ ላይ ጄምስ አሽ እ.ኤ.አ. በ1980 የመሠረተው ባዮ-ኬን የእባብ ማዕከል ኮብራውንም ማምባውንም ይይዛል። እንዲህ ባለ ቦታ እባብ ከቤቱ እንዳይወጣ የሚያደርጉት መስታወት፣ ልክክ ያለ ክዳን፣ ቁልፍና የትንሽ ጣት ያህል እንኳ ክፍተት አለመተው ናቸው። ጥሩ ጠባቂ ማታ ማታ የሚፈትሸው ማጠፊያውንና የሽቦውን ቀዳዳ ነው። ሽታ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ ከሁሉ የሚረክሰውን እነሱ ቀድመው ይጠቀሙበት ነበር።

ሶኬት ላይ የሚሰካው ማባረሪያ አጭር መልስ ይበቃዋል። እባብ የውጭ ጆሮና የጆሮ ታምቡር የለውም፤ የሚሰማውም ከ1,000 ኸርዝ በታች ያለ ዝቅተኛ ድምፅና የመሬት ንዝረት ነው። መሣሪያው የሚያወጣው ድምፅ ከ20,000 ኸርዝ በላይ ነው። መብራት ቢኖርም ባይኖርም ለእባቡ ያው ነው።

ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ግን መቆየት ያስፈልጋል፤ ሕይወት የሚያስከፍለው እሱ ነውና። ስሙ ድንጋይ ይባል እንጂ ድንጋይ አይደለም፤ ተቆርጦና ተሞርዶ እሳት ውስጥ የከሰለ የከብት አጥንት ነው። ሲያነሡት ቀላል ነው፣ ምላስ ሲነካው ይጣበቃል። ውስጡ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ስለሆነ እርጥበት ይመጥጣል፤ የደማ ቁስል ላይ የሚለጠፈውም ለዚህ ነው። ሲሞላ ይወድቃል፤ ያኔ «መርዙን ጨርሶ ወደቀ» ይባላል። ቀጥሎ ወተት ውስጥ ይነከርና አረፋ ይሰጣል፤ «ይኸው መርዙ እየወጣ ነው» ይባላል። የደረቀ የጀበና ስባሪ ውሃ ውስጥ ጣሉ፤ ያንኑ አረፋ ታያላችሁ። የሚወጣው ከቀዳዳው የተባረረ አየር ነው።

የፓፍ አደር ጥርስ ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ስለሚሆን መርዙ ሥጋ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፣ ወዲያውም ይሰራጫል። ቆዳ ላይ የተለጠፈ የአጥንት ከሰል እዚያ አይደርስም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት በፓፍ አደር፣ በሌላ የአፍሪካ እፉኝትና መርዙን ዓይን ላይ በሚረጨው ተፊው ኮብራ መርዝ የተወጉ አይጦችን በዚሁ ድንጋይ ሞክሮ ምንም ጥቅም አላገኘበትም። ታዲያ «እገሌን አድኖታል» የሚባለው ከየት መጣ? ከሁለት ነገር። የነከሰው ብዙ ጊዜ መርዝ የሌለው እባብ ነው፤ መርዛማውም ቢሆን ነክሶ መርዝ የማይለቅበት ጊዜ አለ። እነዚህ ሰዎች ያለ ድንጋዩም ይድኑ ነበር፤ ምስጋናው ግን ለድንጋዩ ይሰጣል። ጉዳቱ ደግሞ ዋጋው ላይ ብቻ አይደለም። ድንጋዩ እንዲጣበቅ ቁስሉ በምላጭ ይበጣል። የፓፍ አደር መርዝ ደም ሊያፈስና የደም መርጋትን ሊያውክ ስለሚችል ብጣቱ ራሱ ሌላ አደጋ ይሆናል። ዋግምቱም እንደዚያው ነው። ድንጋዩ «እስኪጠግብ» የሚጠበቀው ሰዓት ደግሞ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ሆስፒታል የሚገባበት ሰዓት ነበር።

ሰው እነዚህን ሸቀጦች የሚገዛው ፍርሃት ገፍቶት ነው፤ ፍርሃቱን የሚያሳድጉ ሁለት ወሬዎችም አሉ። አንዱ «ከገደላችሁት ጓደኛው ሊበቀል ይመጣል» የሚለው ነው። እባብ በትዳር አይኖርም፣ ቂምም አይዝም። ነገር ግን በመራቢያ ወቅት ሴቷ የተወችውን ዱካ ተከትሎ ወንዱ እዚያው ቦታ ሊመጣ ይችላል፤ የታየው ነገር እውነት ነው፣ የተሰጠው ምክንያት ግን ስሕተት ነው። ሁለተኛው እባብ ላም ይጠባል የሚለው ነው። የእባብ ከንፈር መጥባት አይችልም፤ ወደ ኋላ የታጠፉት መርፌ መሰል ጥርሶቹም ጡቱን ያቆስሉት ነበር፣ ላሟም አትታገሠውም። የላም ወተት በድንገት ሲጎድል ወይም ደም ሲቀላቀልበት የእንስሳት ሐኪም ጥሩና ጡቷን አስመርምሩ፤ የጡት ሕመም ሊሆን ይችላል። እባብ የሚያሳድጉ ሰዎችም ለእባቦቻቸው የሚያስቀምጡት ንጹሕ ውሃ እንጂ ወተት አይደለም።

አሁን ገንዘብ ወደሚያወጣው እንምጣ። ከሁሉ አንደኛ ቦቲ ነው። ብዙው ንክሻ የሚያርፈው እግር፣ ቁርጭምጭሚትና ባት ላይ ነው። ፓፍ አደር ሰው ሲመጣ ከመሸሽ ይልቅ በቀለሙ ተማምኖ ባለበት ይቀመጣል፤ የሚነክሰውም ሲረገጥ ወይም እግር አጠገቡ ሲያርፍ ነው። ቦቲ ስትገዙ ቁመቱ ከጉልበት ሥር መድረሱን እዩ። ባታችሁና ጎማው መካከል ሁለት ጣት የሚያስገባ ስፋት ይኑረው፤ ጎማውን በስቶ የመጣ ጥርስ ቆዳ ላይ ሳይደርስ ባዶው ቦታ ላይ ሊቀር ይችላልና። ሱሪውን ቦቲው ውስጥ አታስገቡ፤ ሰፋ ያለ ሱሪ ከላይ ቢለበስ ሌላ ሽፋን ነው። ከላይ ጫፉን በሁለት ጣት ይዛችሁ ውፍረቱን መርምሩ፤ እንደ ፌስታል የሚታጠፈውን ተዉት። ቁርጭምጭሚቱ ጋ አጥፉትና ነጭ መስመር ካወጣ ወይም ከተሰነጠቀ አትውሰዱ፤ ቦቲ መጀመሪያ የሚቀደደው እዚያ ነው። ፕላስቲኩ በብርድ ስለሚደርቅ ደሴ ላይ የሚያድር ቦቲ ይህ ችግር ይፈጥንበታል።

ጉድለቱም ይነገር። ትልቅ እፉኝት ቀጭን ቦቲ አይበሳም ብሎ ዋስ የሚሆን የለም። ማሽላ ሲታጨድ፣ ነዶ ሲነሣ፣ ድንጋይ ሲለቀም የሚነከሰው ደግሞ እጅ ነው፤ ለዚያ ቦቲ አይረዳም። ነዶውን መጀመሪያ በረጅም ዘንግ ገልብጡት፣ ከዚያ እጃችሁን ስደዱ። ማታ ቦቲውን ደፍታችሁ አሳድሩ፤ ጠዋት ከመልበሳችሁ በፊት አራግፉት።

ሁለተኛው የእጅ ባትሪ ነው። ዘሎ የማይሸሽን እባብ የሚያሳየው ብርሃን ብቻ ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ከሙቀቱ የተነሣ ብዙ ሰው ማታ በነጠላ ጫማ ይወጣል። ስትገዙ ሩቅ ግድግዳ ላይ አትሞክሩት፤ መሬት ላይ አብሩና አራት እርምጃ ፊት ያለ ጠጠር ተለይቶ ይታይ እንደሆነ እዩ። ጠባብና ሩቅ የሚወረውር ጨረር ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሰፋ ያለ ይሻላል። ግንባር ላይ የሚታሰረው እጅ ነፃ ስለሚያደርግ ውሃ ለሚቀዳና ከብት ለሚያስገባ ይመረጣል። ተሞይ ባትሪዎች ቶሎ የሚበላሹት ቻርጀሩ የሚሰካበት ቀዳዳ ላይ ነው፤ ሻጩ ፊት ሰክታችሁ ወዝውዙት፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ሌላ ጠይቁ።

ቀሪው ወጪ ለቤቱ ነው። «እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» የተባለው በከንቱ አይደለም፤ የደረቅ ድንጋይ ካብ ለእባብ ምቹ ቤት ነው። ከቤት ጋር የተያያዘውን ካብ በጭቃ ወይም በሲሚንቶ ድፈኑት፤ ማገዶና ድንጋይ ከግድግዳ አርቁ፤ ሣሩን ቢያንስ አንድ ሜትር ዙሪያውን እጨዱ። የውሃ መውረጃና የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ላይ ዓይኑ ከ6 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ የሽቦ ወንፊት ምቱ፤ ሰፋ ያለው የዶሮ ሽቦ የቤት እባብም ጫጩት እፉኝትም ያሳልፋል። በር ሥር የጎማ ቁራጭ ይመታ። እህሉ ከመሬት ከፍ ብሎ ክዳን ባለው ነገር ይቀመጥ፤ አይጥ ካልመጣ እባብም የሚመጣበት ምክንያት ይቀንሳል። ለወባ የተሰጠውን አጎበር ጫፉን ፍራሽ ሥር ወትፉት፤ ተፊው ኮብራ አንዳንዴ መሬት ላይ የተኛ ሰው ይነክሳል።

እባቡ ቤት ውስጥ ከተገኘ ልጆችን አውጡ፣ ወደ ውጭ የሚወስደውን በር ክፍት ተዉለት፣ ከሩቅ ሆናችሁ ተከታተሉት። ብዙ ሰው የሚነከሰው ሊገድል ሲጠጋ ነው። የተቆረጠ ጭንቅላትም መንከስ ስለሚችል በእጅ አይነካም። ተፊው ዓይን ላይ ከረጨ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውሃ፣ 15 ደቂቃ ያህል ሳያቋርጡ ማጠብ ነው፤ ሌላ ምንም አይጨመርበትም፣ ከዚያም ሐኪም ያየዋል።

ለተነከሰ ሰው ቀለበት፣ አምባርና ሰዓት እብጠት ሳይጀምር ይወልቁ። እግሩ በጃንጥላ ወይም በዘንግ ተደግፎ በነጠላ ላላ ተደርጎ ይታሰር፤ ደም እስኪያግድ የሚጠብቅ ገመድ ለእፉኝት ንክሻ ጉዳት ነው። በእግሩ አይሂድ፤ በጎኑ አስተኝታችሁ ባገኛችሁት መኪና ወይም ባጃጅ ውሰዱት። እባቡን ለመያዝ አትሞክሩ፤ ከሩቅ የተነሣ ፎቶ ከተገኘ ይበቃል። የተነከሰበትን ሰዓት ቆዳው ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ፣ የእብጠቱንም ጠርዝ አስምሩ። የመርዝ ማርከሻ በደም ሥር የሚሰጥ ነው፤ ብርቱ አለርጂ ሊያስነሣ ስለሚችል ያንን የሚያበርደው መድኃኒት አድሬናሊን ባለበት ጤና ተቋም ብቻ ይሰጣል። ለሕፃንም ለአዋቂም መጠኑ አንድ ነው፤ የገባው መርዝ በሰውየው ክብደት አይለካምና። ማርከሻ በየቦታው ስለማይገኝ በአቅራቢያችሁ ያለውን የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ስልክ ዛሬውኑ በሩ ጀርባ ላይ ጻፉት። ስትደውሉ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ማርከሻው አሁን አለ ወይ? ለእፉኝትም ለኮብራም ይሠራል ወይ?